ሀዋሳ፣ የበግ ቆዳና የስልክ ካሜራ

ለገና ሀዋሳ ገብቼ ነበር። በበዓሉ ማግስት ጠዋት ወደ እህቴ ጓሮ ብወጣ ልጇ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የበግ ቆዳ ትሰፋለች። ቆዳውን አጥባ፣ ጸጉሩን በምላጭ ላጭታ፣ አሮጌ መክተፊያ ላይ በሚስማር ወጥራዋለች። ስልኳን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ እጇን ትቀርጻለች።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኳት።

«ልምምድ ነው ጋሼ። ስንመለስ ሰርጀሪ ነው የምንገባው።»

የሕክምና ተማሪ ናት፤ ሰርጀሪ የምትለው ቀዶ ሕክምናን ነው። ዘንድሮ ሲ ዋን ደርሳለች፤ ከክፍል ወጥተው ዋርድ፣ በሽተኞች የተኙበት ክፍል፣ መግባት የሚጀምሩበት ዓመት ነው። የምትማረው ሌላ ከተማ ነው፤ ለበዓል ነው የመጣችው። ድሮ በበዓል ማግስት «ቆዳ ያለው!» የሚለው ጩኸት ነበር የሚቀሰቅሰን። አሁን የቆዳ ዋጋ ስለወደቀ ብዙ ቤት አውጥቶ ይጥለዋል። እሷ ከሦስት ጎረቤት ለምና ሰብስባ ፍሪጅ ውስጥ አስገብታዋለች። እህቴ «የምግብ ዕቃ ውስጥ!» ብላ ጮኻባታለች። ጉዳዩ ገና አልበረደም።

እኔ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ከሀዋሳ ከወጣሁ 16 ዓመት ሆነኝ። የምሠራው የሕክምና ተማሪዎች በሚለማመዱበት የሲሙሌሽን ማዕከል ውስጥ ነው፤ ቴክኒሻን ነኝ። የሚተነፍሱ፣ የሚያልባቸው፣ የልብ ምታቸው በእጅ የሚዳሰስ ማኔኪኖች፣ ሰው የሚያካክሉ አሻንጉሊቶች፣ አሉን። እኔ ከመስታወት ጀርባ ሆኜ በኮምፒውተር የደም ግፊታቸውን አወርዳለሁ። በማይክራፎን «ደረቴን አመመኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» እላለሁ። ተማሪዎቹ ይሯሯጣሉ። 15 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ሌላ ክፍል ገብተው ይቀመጡና የተቀረጸው ይከፈታል። «እዚህ ጋ ምን አስበህ ነው? ኦክስጅኑ ለምን ዘገየ?» ይባላል። ይኼኛው ከልምምዱ ይረዝማል፤ 40 ደቂቃ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ዲብሪፊንግ ይሉታል። በሥራዬ ዘመን ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር ቢኖር ተማሪው የሚለወጠው እዚያች ክፍል ውስጥ መሆኑን ነው። ስህተቱን ሰው ቁጭ ብሎ ሲያሳየው ፊቱ ላይ ይታወቃል።

ይኼን ያነሳሁት ስለ ዲጂታል ትምህርት ሲወራ ሁላችንም የምናስበው ዕቃውን ስለሆነ ነው። ታብሌቱን፣ ላፕቶፑን፣ በስክሪን ላይ የሚገለባበጠውን የሰው አካል። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያው ነበር የማስበው።

አሜሪካ ያለው የሕክምና ተማሪ ኑሮው ስክሪን ላይ ነው። ብዙዎቹ ሌክቸሩን ቤታቸው ሆነው በእጥፍ ፍጥነት ያዩታል። አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ጥያቄውን ልትረሳው ስትል መልሶ ያመጣልሃል። ተመርቀው ቀዶ ሕክምና የሚማሩት ሐኪሞች፣ ሬዚደንቶቹ፣ ደግሞ ኤፍ ኤል ኤስ የሚባል ፈተና አለባቸው፤ የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ቦርድ እሱን ላላለፈ ሰርተፊኬት አይሰጥም። ሆድ ሳይከፈት በትናንሽ ቀዳዳዎች ለሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው፤ መፈተኛው ካሜራ ያለው ሳጥን ነው። በሁለት ረጃጅም መቆንጠጫዎች ስድስት ትናንሽ ጎማዎችን እያነሳህ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ታሻግራለህ፣ ከዚያ ትመልሳለህ። ከአምስቱ ልምምዶች ቀላሉ ይኼ ነው። ግን ዓይንህ ስክሪኑ ላይ ነው፣ እጅህ ሌላ ቦታ ነው፣ ወደ ቀኝ ስትገፋ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ላብ በላብ ሲሆኑ አይቻለሁ። በኋላ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገቡ ግን እጃቸው አይደናበርም።

ሀዋሳ በነበርኩባቸው ቀናት የእህቴ ልጅ ጓደኞቿን ሐይቅ ዳር አገናኘችኝ። ከተለያየ ዩኒቨርሲቲ ለበዓል የመጡ አምስት የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። አሞራ ገደል ዓሣ በላን፣ ቡና ጠጣን። ስልካቸውን አሳዩኝ ስላቸው ገረመኝ። አንዷ ስልክ ውስጥ ብቻ 60 ጊጋባይት የትምህርት ፋይል አለ። ከሌክቸር ስላይድ እስከ ወፋፍራሞቹ ቴክስት ቡኮች፣ አሜሪካ ያለ ተማሪ በዶላር የሚገዛቸው ቪዲዮዎች ሳይቀሩ፣ ሁሉም በቴሌግራም ከእጅ እጅ ዞሮ ደርሷቸዋል። ማታ ርካሽ ጥቅል ይገዛሉ፣ ያወርዳሉ፣ ቀን ያለ ኢንተርኔት ያነባሉ። መብራት ሲጠፋ የሚያበራ ስልክ ያለው ለሌላው ያበራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሂናሪ የሚባል አገልግሎት አለ፤ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተቋማት በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና መጽሔቶችን በነጻ ይከፍታል። ከአምስቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው ስሙን የሰሙት። ሌሎቹ ያንኑ ጽሑፍ ፍለጋ ግሩፕ ለግሩፕ ሲንከራተቱ ከርመዋል። ይኼ የሚያስቆጭ ነው፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢያስተምራቸው የሚያልቅ ነገር ነበር።

«እንግዲያው መጽሐፍ አልቸገራችሁም» አልኳቸው።

«መጽሐፍማ ሞልቷል» አለኝ አንዱ ልጅ። «ስንሠራ የሚያየን ነው የጠፋው።»

አንድ አልጋ አጠገብ 12 ሆነው እንደሚቆሙ ነገሩኝ። ከኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ጋዋን ጀርባ ነው። ሬዚደንቱ ማስተማር ይወዳል፤ ግን ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ ጠዋት በሽተኞቹን ዞሮ አይቶ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል። ከዚያ በኋላ ቆመህ የእኔን እጅ እይልኝ አይባልም። ሲኒየሩ ሐኪምም ያው ነው፤ ወረፋ የሚጠብቀው በሽተኛ መዓት ነው። ማንንም አልወቅስም። ላንሴት መጽሔት ያቋቋመው የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት 5 ቢሊዮን ሰው አስተማማኝና አቅሙ የሚፈቅደውን ቀዶ ሕክምና አያገኝም ብሏል። የጎደለውን ለመሙላት በየዓመቱ 143 ሚሊዮን ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ያ ቁጥር እኛ አገር ሲወርድ፣ ጠዋት ኮሪደር ላይ ነጠላዋን ለብሳ ወረፋ የምትጠብቅ እናት ነው የሚሆነው።

ደግሞ ኢትዮጵያ ያለው ሀብት አሜሪካ የለም። እኛ ማዕከል የሚመጣው ተማሪ የልብ ድምፅ የሚማረው ከተቀረጸ ኦዲዮ ነው። የጠበበ የልብ ቫልቭ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ፣ በሽተኛው ላይ ሳይሰማው የሚመረቅ አለ። እነዚህ ልጆች ግን በልጅነት ጉሮሮ ቁስል የተነሳ ልባቸው የተጎዳ፣ የሩማቲክ ሕመምተኞችን በየሳምንቱ ያያሉ። አንጀቱ ተጠማዞ ሆዱ ተነፍቶ ከገጠር የመጣ ገበሬ ያያሉ። የእህቴ ልጅ በሽተኛ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታሪክ ስትወስድ ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል ብላኛለች። ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠይቃ ነው ወደ ሕመሙ የምትገባው። እኔ ጋ ያሉት ተማሪዎች ለዚህ ተዋናይ ተቀጥሮላቸው ነው የሚለማመዱት።

ታዲያ ያ በሽተኛ ይደክመዋል። የታመመ ሆዱን 12 ሰው በየተራ ሲጫነው ዝም የሚለው ሐኪሞቹን አክብሮ ነው። ዲጂታሉ ነገር መጀመሪያ ሊያግዝ የሚገባው እሱን ይመስለኛል። የልብ ድምፁን ልጆቹ ቀድመው ከስልክ ሃምሳ ጊዜ ሰምተው ቢመጡ፣ ደረቱ ላይ አንዴ አስቀምጠው ይለዩታል። የተቀረጸው የልብ ድምፅ እኮ ስልካቸው ውስጥ አለ። ከአልጋው በፊት ስሙት የሚላቸው ነው የጠፋው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ከተማሪ ግሩፖቹ በአንዱ የበሽተኛ ፎቶ አይቻለሁ፤ ቁስሉ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ፊቱም አለ። ለትምህርት ነው ተብሎ የተለጠፈ ነው። አሜሪካ ይኼ በሕግ ያስጠይቃል፤ የታካሚን ሚስጥር የሚጠብቀው ሕግ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሕጉ ይቅርና ሰውየው የእኔ አባት ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ልጆቹን ስነግራቸው ተስማሙ፤ አንዷ ወዲያው ለግሩፑ አስተዳዳሪ ጻፈች፣ ፎቶውም ወረደ።

እኛ ዳያስፖራዎቹም ያጠፋነው አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ ማኔኪን ገዝተን ወደ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ልከን ነበር። ጉምሩኩ፣ ጭነቱ፣ ደብዳቤው ወራት ፈጀ። ደርሶ ገና ሲሰካ ተቃጠለ። አሜሪካ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ ኢትዮጵያ 220 ነው። ትራንስፎርመር አብሮ መላክ እንዳለበት፣ ሥራዬ ነውና፣ እኔ ማሰብ ነበረብኝ። ቢሠራም ኖሮ ዲብሪፊንጉን የሚመራ ሰው አላሰለጠንንም። ዕቃ ላክን፣ ሰው አልላክንም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከሀዋሳ ብዙም ሳይርቅ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲና ካሜሩን ካለው ምቢንጎ ባፕቲስት ሆስፒታል ጋር ሆኖ ኦል ሴፍ በሚባል ፕሮግራም ላይ ሠርቷል። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረን እርግዝና በላፓሮስኮፒ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ፣ ማከምን ያስተምራል። ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው፤ መለማመጃው ሳጥን ግን እዚያው በሚገኝ ርካሽ ዕቃ የሚሠራ ነው። ደስ ያለኝ ሐሳቡ ከዕቃው አለመነሳቱ ነው። እጁ ምን ይልመድ ከሚለው ተነስተው ነው ሳጥኑን ያገኙት።

ወደ ቆዳው ልመለስ። ያን ቀን ጓሮ ውስጥ የእህቴን ልጅ ሳይ ዋልኩ። ፈጣን ናት፣ ቋጠሮዋ ያምራል። ግን አንድ ነገር አላማረኝም፤ ምን እንደሆነ በቃል ማስረዳት አቃተኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሁለት ደቂቃ የሚሆነውን ቪዲዮ ስልኬ ላይ ጭኜ ሚኒሶታ ስመለስ፣ ማዕከላችን የሚያስተምር አንድ ሐበሻ የቀዶ ሐኪም አለ፣ ለእሱ አሳየሁት። ሁለቴ አየውና የድምፅ መልዕክት ቀረጸላት። እንዲህ ይላል፦

«እጅሽ ጥሩ ነው፣ በርቺ። መርፌውን ግን ጫፉ ጋ ቀርበሽ ነው የምትይዢው። ከጫፉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ወደ ኋላ ያዢው። ቆዳው ውስጥ ሲገባ ቀጥ ብሎ፣ በ90 ዲግሪ ይግባ። ከገባ በኋላ አትግፊው፤ አንጓሽን አዙሪ። መርፌው የተጠማዘዘ ነው፤ እጅሽም እሱን ተከትሎ ይዙር። ስትገፊው ቆዳው ይቀደዳል። ደግመሽ ላኪልኝ።»

መልዕክቱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እሷ ግን ሰምታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ስንት ቪዲዮ አይቻለሁ መሰለህ። የእነሱን እጅ ነበር የማየው። የራሴን አላየሁትም።»

ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴ ትልካለች። የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ አድርጋ ጥቂት ሜጋባይት ታደርገዋለች፤ ለእጅ ሥራ ያ ይበቃል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ በማታ ጥቅሉ ስትልከው እኔ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ ከሥራ ልወጣ ስል። ዶክተሩ መኪናው ውስጥ ሆኖ አይቶ መልሱን ይቀርጻል። ትልቅ ፕላትፎርም የለም፣ ፓስዎርድ የለም፣ ቀጥታ ስርጭት የለም። በ2012 ሰኔ መጨረሻ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲጠፋ በቀጥታ ስርጭት የተንጠለጠለ ትምህርት ሁሉ ምን እንደሆነ እናስታውሳለን። ይኼኛው ቢቋረጥም ኔትወርክ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

አሁን ሁለት ሌሎች ሐኪሞች እሁድ እሁድ ግማሽ ሰዓት እንሰጣለን ብለውኛል፤ አንዷ ስዊድን ነው ያለችው። እኔ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት የስፌት ክር እያሰባሰብኩ ነው። ለሰው አይሆንም፤ ለቆዳ ልምምድ ግን ምንም አይለው። መርፌ መያዣም አራት አግኝቻለሁ፣ ሀዋሳ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይገባል። በውጭ አገር በሆስፒታል የምትሠሩ ወገኖች፣ ከዕቃው በፊት ግማሽ ሰዓታችሁን ብትሰጡ ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ተማሪ ያዙ፣ እጁን እዩለት።

የእህቴ ልጅ ዶርም ውስጥ አሁን አራት ሆነዋል። ይዛው የሄደችው ቆዳ ደርቆ መርፌ አላስገባ ብሏል። ጾም ስለገባ በግ የሚያርድ የለም። በሙዝ ልጣጭ ላይ ነው የሚሰፉት፤ ሲሳሳቱ ቶሎ ስለሚቀደድ ይሻላል አለችኝ። ትናንት ለእህቴ ደወልኩ። ለፋሲካ የጎረቤቱን ቆዳ ሁሉ ከአሁኑ ለምና ይዛለች። ፍሪጁም የታችኛው መደርደሪያ ተለቋል።