የካቲት 23 ጥቁር፣ የካቲት 24 ቀይ ዳማ

ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ዓሣ እየበላን ሳለ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ እንግዶች ከአጠገባችን ተቀመጡ። ከኛ ጋር ያለ አንድ ክራቫት ያሰረ፣ የተማረ ሰው የቆሮሶውን እሾህ ከጥርሱ እያወጣ «ሰሞኑን አፍሪካውያን በዝተዋል» አለ። የሳቀ የለም። ሁሉም «እውነት ነው» አሉ። እናንተም ሰምታችሁታል፤ ሲያናድዳችሁም ነበር፤ ስለዚህ አላብራራውም።

እኔ ግን ዛሬ ላመሰግን እንጂ ልወቅስ አልተነሣሁም። እንዲህ ያለ የጂኦግራፊ ዕውቀት የትም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም። ዓባይ ከአፍንጫችን ሥር ከጣና ወጥቶ፣ በድልድዩ ሥር አልፎ፣ ሱዳንንና ግብፅን አጠጥቶ ሜዲትራኒያን ይገባል። በሊቆቻችን ስሌት ግን አፍሪካ የምትጀምረው ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች የሆነ ቦታ ነው። ድንበሩ ገና አልተከለለም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የአህጉሩ መሪዎች ጣና ፎረም ብለው ስለ አፍሪካ ሰላም ሊመክሩ ባሕር ዳር የሚመጡትም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ አፍሪካን በሩቁ ለመመልከት ከዚህ የተሻለ ሰገነት ከየት ይገኛል?

ከሁሉ የማደንቅላቸው የቀን አቆጣጠራቸውን ነው። የካቲት 23 ቀን ጥቁር ናቸው። ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ አንግበው «የጥቁር ሕዝብ ድል!» እያሉ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ይፎክራሉ። በማግስቱ ጎፈሩን ለተከራዩበት መልሰው ቀይ ዳማ ይሆናሉ። ዓመቱን ሙሉ ቀይ ዳማ፣ በዓመት አንድ ቀን ጥቁር።

ዓድዋ ድል በሆነ በሁለት ወር ተኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሆመር ፕሌሲ በሚባል የሉዊዚያና ሰው ላይ ፈረደ። ፕሌሲ ሰባት ስምንተኛው ነጭ፣ አንድ ስምንተኛው ጥቁር ነው የተባለ ሰው ነው። በዚያች አንድ ስምንተኛ የተነሣ ከነጮች ፉርጎ ውረድ ተባለ፤ ፍርድ ቤቱም ተለያይቶ መቀመጡ ሕጋዊ ነው አለ። ቨርጂኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 ጠብታ እንኳ የጥቁር ደም ያለበት ነጭ አይባልም የሚል ሕግ አወጣች። እስቲ ባለክራቫቱን እዚያ ባቡር ላይ አሳፍሩት። ለትኬት ቆራጩ ስለ ንግሥተ ሳባ፣ ስለ የመን፣ ስለ አፍንጫው ሰልካካነት ሲያስረዳው ይታየኛል። ባቡሩ እስኪቆም የሚታገሡት አይመስለኝም።

ደግሞ ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ የተማረው የለም። የሚጀመረው አራስ ቤት ነው። ሕፃኑ በተወለደ በሦስተኛው ቀን አክስቶች ገንፎ ሊበሉ ይሰበሰባሉ። የአራሷ ጤና በአንድ ቃል ይታለፋል፤ ከዚያ ታላቅየዋ አክስት መነጽሯን አውጥታ የልጁን ጆሮ ትይዛለች። አራስ ልጅ ሁሉ ቀይ ነው፤ የነገ መልኩ የሚታወቀው ከጆሮው ጫፍ ነው ይባላል። መብራት ጠፍቷልና የስልክ ባትሪ ይበራል። «ቀይ ዳማ ነው» ትላለች። ሁለተኛዋ ትቃወማለች፤ በስልክ መብራት የታየ ጆሮ አይታመንም፣ ወደ መስኮቱ ይምጣ። ልጁ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ሦስተኛዋ ከነጭራሹ ጆሮን አትቀበልም፤ እሷ የምታምነው የጥፍር ሥር ነው። አሥሩም ጥፍር ይመረመራል። «ጠይም ነው፤ ግን ደማም ጠይም»። «ጠቆር ይላል፤ ግን መልኩ ያምራል»። (ይህች «ግን» ስንቱን ሕፃን እንዳጽናናች!) ከዚያ የጥቁረቱ ተጠያቂ ይፈለጋል። የእናት ወገን ወደ አባት ወገን ያያል። የሞቱት አያት ሳይቀሩ ይከሰሳሉ፤ ጠበቃ ግን አያጡም፦ «እሳቸው እኮ ፀሐይ አጥቁሯቸው ነው እንጂ ትውልዳቸው ቀይ ነው!» ልጁ ታላቅየዋ ላይ ይሸናል። ጉባኤው ለክርስትናው ዕለት ይቀጠራል። በአርባው ቀን ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁ፣ ታላቅየዋ ከስሙ በፊት ውሳኔውን ታሰማለች፦ «ቀይ ዳማ ነው አባ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ይጠራል።»

ደቡብ አፍሪካ ለዚሁ ሥራ ስንት ደክማለች! እ.ኤ.አ. በ1950 ሰውን ሁሉ በዘር የሚመዘግብ አዋጅ አወጣች፤ ማን ነጭ እንደሆነ ሲያጠራጥር ጠጉር ውስጥ እርሳስ ይሰካ ነበር። ከወደቀ ነጭ፣ ካልወደቀ አይደለህም። የአንድ ቤት ልጆች በተለያየ ዘር ተመዘገቡ። ሕጉ እስኪሻር 1991 ደረሰ። ቢሮ፣ ማኅተም፣ ጸሐፊ፣ እርሳስ ሁሉ አስፈልጓቸዋል። እኛ ያለ በጀት፣ በአንድ ሰሃን ገንፎ ብቻ እንጨርሰዋለን።

ያ ጆሮ ግን ያድጋል፤ ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያ የክፍል ጓደኛው፣ ቤት ሲመጣ የገዛ አጎቱ «ባርያው» ይለዋል። ቅር ሲለው «ለፍቅር እኮ ነው!» ይባላል። የምን ፍቅር? በዚህ ስም የተጠሩ ሰዎች በዚህች ሀገር ገበያ ላይ ተሸጠዋል፣ ልጆቻቸው ከእቅፋቸው ተነጥቀዋል፤ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ የተሻረ ግፍ ነው። ትላንት ማለት ነው። ሕፃን ልጅ ስሙ እየተባለ ይህን ተሸክሞ ያድጋል፣ እናንተ ትስቃላችሁ። እፈሩ። እዚሁ ሐይቁ ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩትን ነገደ ወይጦዎችንም አትርሱ፤ ታንኳቸው «የጥንት ሥልጣኔያችን» ተብሎ በየሆቴሉ ግድግዳ ተሰቅሏል፣ ሠሪዎቹን ግን ማዕዱ ላይ ማን ጠርቷቸው ያውቃል?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከውጭ ሀገር ምራቁን አስመርምሮ ውጤቱን በወረቀት ይዞ የሚመጣም አለ። ተመራማሪዎች ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከቀይ ባሕር ማዶ ካለው ሕዝብ ጋር እንደተቀላቀልን ይናገራሉ፤ እውነት ነው። እሱ ግን ይህን እንደ ፓስፖርት ይዞታል። የሰው ዘር የዘረመል ልዩነት በብዛት የሚገኘው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ መሆኑን፣ ሉሲም በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው አፋር መሆኑን ስትነግረው «ሉሲ የኛ ናት!» ይላል። የአፍሪካ አይደለችም ማለቱ ነው።

አንድ ጎረቤቴ ደግሞ ልጁ አሜሪካ ነው። የዚያ ሀገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የዘር መጠይቁን ሲያሻሽል «ጥቁር» ከሚለው ሥር በምሳሌነት ከጠቀሳቸው አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው። ጎረቤቴ በዚህ መከፋት ነበረበት። ልጁ ለነፃ ትምህርት ቅጽ ሊሞላ ሲደውልለት ግን፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ በስልክ ሲጮህ አደመጥኩት፦ «‹ጥቁር› የሚለው ላይ ምልክት አድርግ! እንዳትዘላት ልጄ፣ ገንዘብ አላት!»

ወሩ ኅዳር ነበር።