ሁሉም የሸኖ ነው

አራት ኪሎ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ ቅቤ ልገዛ ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ ያሉት እትዬ ቅቤውን በማንኪያ ተቀብለው አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ እጃቸው ላይ ቀባ ቀባ አደረጉ። ከዚያ ያቺን ጥያቄ አመጧት።

«የሸኖ ነው?»

«የሸኖ ነው እናቴ።»

ሌላ ምን ሊል ኖሯል? እኔ በዚህ ከተማ «አይ፣ ይሄስ የሸኖ አይደለም» ያለ ቅቤ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። መልሱ የታወቀ ነገር ለምን ይጠየቃል? እትዬ ግን ልባቸው ረካ። እንደገና አሸተቱና ግማሽ ኪሎ ለጋ አስመዘኑ። እኛ ከኋላ የቆምነው እግራችን ደነዘዘ።

ሸኖን ለማታውቋት፣ ትንሽ ከተማ ናት። በደብረ ብርሃን መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ፣ ኪምቢቢት ወረዳ ውስጥ ታገኟታላችሁ። ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ቅቤዋ ስም ያወጣው በሐቅ ነው፣ አልክድም። ግን እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ከ15 ሊትር በላይ ወተት ይናጣል። ያገራችን ላም በአማካይ በቀን 2 ሊትር እንኳ አትሞላም። ጥጃውም ድርሻ አለው። አንዲት ላም ከሳምንት በላይ ታልባ አንድ ኪሎ ቅቤ ማለት ነው። ለፋሲካ ዋዜማ ሾላ ገበያ የሚሸጠው ሁሉ የሸኖ ቢሆን ኖሮ ሸኖ ላይ ለሰው መቆሚያ አይገኝም ነበር። ከንቲባውም ላም ይሆን ነበር።

ቅቤ ብቻ ቢሆን በምን ዕድሌ። ጤፉ ሁሉ የአዳ ማኛ ነው። በርበሬው ሁሉ የማረቆ። በጉ ሁሉ የመንዝ፣ አፕሉ ሁሉ የጨንቻ። አዲስ አበቤ አገሩን የሚያውቀው በሆዱ ነው። ጨንቻን በካርታ አሳየኝ ብትሉት ጣቱ ፍቼ ላይ ያርፋል። ማረቆ ውስጥ ሰው እንደሚኖር ትዝ የሚለው በርበሬ ሲወደድ ነው። ያኔም ለመርገም።

አንድ የምወደው ተረት አለ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።» ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም እጠቅሳታለሁ። ቤተሰቤ ሰልችቶታል፣ እኔ አልሰለቸኝም። የከተሜው ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ወተቱን እንጠጣለን፣ አይቡን እንበላለን፣ ቅቤውን አናታችን ላይ እናደርጋለን። ላሟን አናያትም። አላቢዋንማ ጭራሽ።

አላቢዋ ከተነሳች ትንሽ ልበል። በብዙ የገጠር ቤት የበሬና የእህል ብር የባል ነው፣ የቅቤና የእንቁላል ብር ደግሞ የሚስት። በገበያ ቀን ቅቤዋን በቅጠል ጠቅልላ በሌሊት ትነሳለች። በእግሯ ነው። ሽጣ ጨው፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር ትገዛለች። ከተረፋት የዕቁቧን ትጥላለች። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ጿሚው ቅቤ ስለማይነካ ዋጋው ይወርዳል። ደብተሩ ግን አይጾምም፣ ስለዚህ በወረደውም ትሸጣለች። ፋሲካ ሲቃረብ ዋጋው ይሰቀላል። ያኔ የሚያተርፈው ማከማቸት የቻለ ነው።

ከዚያ ቅቤው እዚህ ይደርስና ሙዝ የተቀላቀለበት ይገኛል። ይሄኔ ከተሜው ምን ይላል? «ገበሬውም ሌባ ሆነ!» ኧረ በሕግ! በዚያ ብርድ ሸኖ ላይ ሙዝ የት ይበቅላል? ሙዙ ያለው እኛ ሰፈር፣ ጋሪ ላይ ነው። ይሄ በእውነት ያበግነኛል። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ የወጡት እኮ በዚሁ በኛ ሰፈር ነው። ዛሬ እዚሁ መንገድ ላይ ከአራሹ ጋር ያለን ጉዳይ ቅቤው ለጋ ነው ወይስ መካከለኛ የሚል ብቻ ሆኗል።

እርግጥ ለወረዳቸው የሚቆረቆሩም አሉ። እነሱ ደግሞ እራት ያዘጋጃሉ። እዚህ ላይ የቆየ ቂም አለኝ። አንድ ጊዜ የአባቴ ወረዳ ተወላጆች ለድልድይ ማሠሪያ ብለው መሃል ከተማ አዳራሽ ተከራዩ። ቲሸርትና ኮፍያ ታደለ። ክትፎም ነበር (ቅቤው የየት እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም)። ድልድዩን የሚሻገሩት ሰዎች ግን አንድም አልተጠሩ። እነሱ በበኩላቸው ያንኑ ሰሞን ጠላ ጠምቀው፣ ደቦ ጠርተው፣ ግንድ አጋድመው መሻገር ጀምረዋል። እዚያ ለወንፈል ያልመጣ ሰው የሱ ተራ ሲደርስ ማንም አይመጣለትም። ኦዲተር አያስፈልግም።

እኛ ግን ማይክ አለን። አንድ መሶብ ለጨረታ ቀረበ። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ እጁን እያወጣ ዋጋውን ሰማይ አደረሰው። እልልታ ቀለጠ። መሶቡን ታቅፎ ፎቶ ተነሳ፣ ይዞት ሄደ። ብሩን እስከ ዛሬ አልከፈለም። መሶቡ ሳሎኑ ውስጥ እንዳለ ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። እኔ ትኬቴን በጥሬ ብር ከፍዬ የተቀመጥኩት መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው። እሱ ከክብር እንግዶቹ ጋር ነበር። ይሄን ሳነሳ «ተወው ባክህ» ይሉኛል። አልተወውም! የድልድይ ብር ነው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ቅቤ። ተራዬ ደርሶ መካከለኛ ገዛሁ። የየት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሻጩ ራሱ ሳይጠየቅ ነገረኝ።

ብሩን እየቆጠርኩ ስልኬ ጠራ። ለዚያው ድልድይ ሁለተኛ ዙር እራት አለ። ቲሸርቱ ዘንድሮ አረንጓዴ ነው፣ ትኬቱም ጨምሯል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ሆነ ብዬ ጠየቅኩ።

«አታውቃቸውም እንዴ? ያኔ መሶቡን ያሸነፉት ሰውዬ ናቸው።»