ኮሚናሉን ለሥራው መልሱልን

ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ቀንም ሌሊትም በማያባራበት ሳምንት፣ ከእኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አረፉ። ዕድራችን መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ተከለ። ወንዶቹ ወንበርና አግዳሚ ደረደሩ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለቅሶ ለሚደርሰው ሰው ሽሮውና ምስሩ የት ይሠራ? ንፍሮው የት ይቀቀል? የሟች ቤት ስቱዲዮ ነው። ያቺ አንድ ክፍል አልጋውንም፣ ሶፋውንም፣ አልቃሹንም ይዛለች። ሴቶቹ ምርጫ አልነበራቸውም። ከሰሉን ደረጃው ሥር አቀጣጠሉት። ጭሱ ደረጃውን ይዞ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጣ። አስም ያለባቸው አንድ አባት የበራቸውን ሥር በእርጥብ ፎጣ ደፍነው ዋሉ።

ከደረጃው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ የጋራ መገልገያ ቤታችን ቆሟል። እኛ ኮሚናል እንለዋለን። ጣሪያ አለው። የውሃ መስመር አለው። ወለሉ ላይ እጣቢ የሚወርድበት ቦይ አለው። የተሠራው ለእንደዚህ ዓይነት ቀን ነበር። በሩ ላይ ግን የተከራይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ የሲሚንቶ ከረጢትና የቀለም ባልዲ ነው። ከሰሉን ሲያራግቡ የነበሩ አንዲት ባልቴት ቀና ብለው ወደዚያ አዩና፣ «ልጄ፣ ጣራ እያለን እንዲህ እንሁን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄያቸው ስላልለቀቀኝ ነው።

አዲስ አበባ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከመግባቴ በፊት ያደግኩት ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ በቀበሌ ቤት ነው። ሰባት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ማድ ቤት። ያንን ኑሮ ላሞግሰው አልፈልግም። ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ወረፋ ይዞ መቆም ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ክረምት ላይ ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ እናቴ ሰፌዱንም ሳፋውንም ደርድራ ታድራለች። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣልን ያለቀሰችው ከደስታ ነው። ዛሬም የራሷ ሽንት ቤት በሩን ስትዘጋ ደስ እንደሚላት ትነግረኛለች።

ግን ያ ግቢ አንድ ነገር ነበረው። ሰውን ያገናኝ ነበር። ሰባቱ ቤተሰብ የተዋደደው ሁሉም ደግ ስለነበረ አይመስለኝም። ቧንቧው አንድ ስለነበረ ነው። ማድ ቤቱ አንድ ስለነበረ ነው። ዛሬ የተኳረፉ ሁለት ሴቶች ነገ አንድ ምድጃ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዷ እሳት ትለምናለች፣ ሌላዋ ትሰጣለች፣ በዚያው ይታረቃሉ። በርበሬ የሚሰጣው ሁሉም በሚያየው ቦታ ነው። ዝናብ ከመጣ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ቤት ያለ ሰው ሮጦ ያስገባል።

ኮንዶሚኒየምን ያሰቡት ሰዎች ይህን ያውቁ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ቦሌ ገርጂ ላይ የሙከራ ሕንፃዎች ተሠሩ። በ1997 ሕዝቡ ተመዘገበ። ከዚያ ጎተራ፣ ልደታ፣ ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ እያለ ከተማውን ከበበው። ወጪ ለመቀነስ ብዙ ነገር ተቆጥቧል። አሳንሰር የለም። የውስጥ ግድግዳው በብዙ ቤት አግሮስቶን የሚባለው ስስ ሰሌዳ ነው፤ ጎረቤት ሲያስል ይሰማል። ይህ ሁሉ ተቆጥቦ ሳለ ግን ከብሎኮቹ መሀል መኖሪያ ያልሆነ ቤት ተሠራ። በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ድግስ የሚደገስበት። ያንን ሥዕል ላይ ያሰፈረ ባለሙያ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው ይመስለኛል። ከየግቢው የመጣነው ሰዎች ኑሯችንን ሁሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ይዘን መውጣት እንደማንችል ገብቶታል።

ታዲያ እንዴት ተከራየ? በዚህ ማንንም መክሰስ አልፈልግም። የቤት ባለቤቶች ማህበራችን ሲቋቋም ገንዘብ አልነበረውም። ለጥበቃ ይከፈላል። የደረጃ መብራት ይከፈላል። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ሲጠራ ይከፈላል። ወርሃዊ መዋጮውን በጊዜው የሚከፍለው ከግማሽ አይበልጥም። ብዙው ነዋሪ ተከራይ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ወይም ውጭ አገር ነው፤ ተከራዩ «ለባለቤቱ ንገሩት» ይላል፣ ባለቤቱ ስልክ አያነሳም። ኮሚቴው ቢቸግረው ኮሚናሉን አከራየ። መጀመሪያ አንዱ ክፍል ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሌላው። አሁን ከታች መጋዘን፣ ከላይ ጂም ነው። በየሳይቱ ስዞር የማየው ከዚህ ብዙም አይለይም። ሱቅ፣ መዋለ ሕፃናት፣ እንጨት ቤት። አንዳንዱ ጥሩ አገልግሎት ነው፤ መዋለ ሕፃናቱን ማን ይጠላል።

ነገር ግን ኪራዩ የሚገባበት ሂሳብ ብቻ ነው የሚታየን። የሚወጣብንን አንቆጥርም።

የፋሲካን ሌሊት ተመልከቱ። በዶሮ ጩኸት ጾም ይፈታል፣ ሲነጋ በግ ይታረዳል። የት? ደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ በረንዳ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በዓል ቀን ፈረቃው የእኛ ካልሆነ ደሙ በጀሪካን ውሃ ነው የሚታጠበው። ሞራውና ፈርሱ ቱቦ ውስጥ ይገባል። በበዓሉ ማግሥት ምድር ቤት ያሉት ሰዎች ሽንት ቤታቸው ወደ ላይ ይመለስባቸዋል። የእኛ ብሎክ ምድር ቤት የምትኖር አንዲት የልጆች እናት ሁለት ፋሲካ ተከታትሎ ምንጣፏን ጥላለች። አረፋም ላይ ያው ነው፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለማረድ ቦታ ፍለጋ ከጠዋት ጀምሮ ይንከራተታሉ። ቆዳው ደግሞ አለ። ድሮ «የበግ ቆዳ ያለው!» የሚል ሰው ገና ሳይገፈፍ በር ላይ ይቆም ነበር። ዋጋው ከወደቀ ወዲህ የሚወስደው ጠፍቶ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ተከምሮ ይሸታል።

ቅርጫ ደግሞ ከነጭራሹ እየቀረ ነው። ለእኔ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው። ቅርጫ ሥጋ በርካሽ ማግኛ ብቻ አይደለም። አሥርና አሥራ አምስት ሆኖ ገንዘብ ማዋጣት አለ፤ ሁለት ሰው ለበሬ ግዥ ገበያ መላክ አለ፤ መደቡ ሲደለደል ሁሉም ዙሪያውን ቆሞ ማየት አለ፤ ዕጣ መጣል አለ። በዚያ መሀል አዲስ የገባው ጎረቤት ስሙ ይታወቃል። ልጆች ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። አሁን እያንዳንዱ ልኳንዳ ቤት ተሰልፎ ኪሎውን በፌስታል ይዞ ይገባል። በሩን ይዘጋል። አምስት ዓመት ፊት ለፊቴ የኖረ ሰውዬ የት እንደሚሠራ ያወቅኩት በዚያ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ሲቀመጥ ነው። ይህ ያሳፍራል፤ እውነቱ ግን ይሄ ነው።

እንጀራንም እንይ። ቅዳሜ ማታ አሥር ቤት ምጣድ ሲሰካ መብራት ይሄዳል። እናቴ ሊጡ ኩፍ ብሎ እንዳይኮመጥጥ እየተጨነቀች እስከ እኩለ ሌሊት ትጠብቃለች። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ የተጋገረ እንጀራ እንፋሎቱ ግድግዳውን ያሻግታል፤ ልብሱም ብርድ ልብሱም ይሸታል። ኮሚናል ውስጥ ሦስት ምጣድ ቢኖርና ተራ ቢያዝ ምን ነበረበት?

የጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ የጋራ መጠቀሚያ የቤት ባለቤቶች ሁሉ ንብረት እንደሆነና ማህበሩ እንደሚያስተዳድረው ይደነግጋል። ማስተዳደር ሲባል ግን ኪራይ መሰብሰብ ብቻ አይመስለኝም። ንብረቱ የተሠራበትን ሥራ እንዲሠራ ማድረግም ማስተዳደር ነው።

ተከራዮቹ ነገውኑ ይውጡ አልልም። ጥበቃዎቹ ደመወዛቸውን ማግኘት አለባቸው፤ እነሱም ቤተሰብ አላቸው። የላይኛው ክፍል ይከራይ። ጂሙም ይቆይ፤ ወጣቶቹ የሚውሉበት አግኝተዋል። የታችኛው፣ ቦይ ያለው ክፍል ግን ይመለስ። ኪራዩ ሲቀር የሚጎድለውን እኛ እንሙላ። ኮሚቴው ስሌቱን አውጥቶ ለየቤቱ ስንት እንደሚደርስ ይንገረን፤ አብዛኛው ነዋሪ ለበዓል በግ ከሚያወጣው ጋር ሲተያይ ከባድ ይሆናል ብዬ አላምንም። ይህ ባይሆን እንኳ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለአረፋ ሦስት ሦስት ቀን ይለቀቅ፤ ለቅሶ በደረሰ ጊዜ ደግሞ በዚያው ዕለት ይከፈት።

አሁን በየቦታው ለሚሠሩት ፎቆችም የምለው አለኝ። የሽያጭ ማስታወቂያው ላይ ጂም አለ፣ መኪና ማቆሚያ አለ፣ ጄኔሬተር አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን አላየሁም። ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ሰው ለቅሶን አያመልጥም።

ወደዚያ ለቅሶ ልመለስ። በሁለተኛው ቀን የዕድራችን ዳኛ ለተከራዩ ስልክ ደወሉ። ሰውዬው ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቁልፉን ይዞ መጣ። «ለምን ትናንት አልነገራችሁኝም?» ብሎ ተቆጣን። ሲሚንቶውን ወደ አንድ ጥግ ከልጆቹ ጋር አጋዘ፣ ላስቲክ አለበሰው፣ ወለሉን ራሱ ጠረገ። ሴቶቹ ከሰሉን ይዘው ገቡ። እኚያ ባልቴት መሀል ላይ በርጩማቸውን አኖሩና ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ተሠራ። ከየፎቁ ሴቶች እየወረዱ ገቡ፤ ከሌላ ብሎክም መጡ። በሦስተኛው ቀን ማታ ዕቃው ታጥቦ ከተመለሰ በኋላ እንኳ አልተበተኑም። ቡና ተፈላ። እኔም አንድ ስኒ ደረሰኝ።

የማህበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ጥቅምት ላይ ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። እስካሁን ከብሎካችን አሥራ ዘጠኝ ቤት ፈርሟል፤ የመጀመሪያው ፊርማ የእኚያ ባልቴት የጣት አሻራ ነው።