የሐምቡርጉ ቅዱስ ያዕቆብ ኦርጋንና የእድሳት ወጪው ጥያቄ

ኦርጋን ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በኤሌክትሪክ የሚሠራው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። በሰሜን ጀርመን አጥቢያዎች የሚገኘው ጥንታዊ ኦርጋን ግን በወናፍ አየር የሚሞላና በሺህ የሚቆጠሩ ቧንቧዎች ያሉት ግዙፍ ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለማደስ ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ሲጠየቅ፣ «ለድሆች ቢውል አይሻልም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ከቅን ልብ የመነጨ ነው። የሐምቡርጉ ቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን እንድቀበለው አይፈቅድልኝም።

የዚህን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ጀርመናዊው የኦርጋን ሠሪ አርፕ ሽኒትገር እ.ኤ.አ. በ1693 ሠርቶ ሲያጠናቅቅ፣ ቀድሞ በቦታው ከነበረው ኦርጋን የተረፉትን ደህና ቧንቧዎች ሳይጥል ከአዲሶቹ ጋር አዋሕዷቸዋል። መሣሪያው በእጅ የሚጫኑ አራት የቁልፍ ረድፎችና በእግር የሚረገጥ አንድ ረድፍ፣ 60 የድምፅ ዓይነቶችና 4,000 ያህል ቧንቧዎች አሉት። ረጅሙ ቧንቧ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ ትንሹ ደግሞ ከጣት አይበልጥም። ተጫዋቹ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ከቧንቧው ሥር ያለች ትንሽ ክዳን ትከፈትና በሳጥኑ ውስጥ የታመቀው አየር ሽቅብ ይገባል፤ ድምፁ የሚወለደው ያኔ ነው።

በ1720 ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በዚህ ኦርጋን ተጫዋችነት ለመቀጠር አመልክቶ ነበር። ነገር ግን ከፈተናው ቀን በፊት ይሠራበት ወደነበረው ከተማ ወደ ከተን ተመለሰ፤ ቦታውም ለዮሐን ዮአኪም ሃይትማን ተሰጠ፤ ሃይትማንም ስለ ሹመቱ ለቤተ ክርስቲያኑ 4,000 ማርክ ከፈለ። የደብሩ ሰባኪ ኤርድማን ኖይማይስተር ቦታው በገንዘብ በመሰጠቱ አዝኖ በገና ስብከቱ ነገሩን ነቅፎታል። ይህን የማነሳው ገንዘብ ለደብር አያስፈልግም ለማለት አይደለም። የዚያ ዘመን ሹማምንት ለሒሳባቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ ዛሬ የሃይትማን ስም የሚነሳው ከዚያ ክፍያ ጋር ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ በመሣሪያው ላይ የደረሰው ይባስ ከባድ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1917፣ ከፊት ለፊት የሚታዩት ቧንቧዎች ለጦርነቱ ብረት ፍለጋ ተነቅለው ቀለጡ። በሁለተኛው ጦርነት ግን የደብሩ ሰዎች ቀድመው አሰቡ፤ በ1942 ቧንቧዎቹንና የአየር ሳጥኖቹን ፈትተው ከአደጋ ወደሚጠበቁበት ስፍራ አወረዱ። በ1944 ቤተ ክርስቲያኑ በቦምብ ሲመታ የኦርጋኑ ታላቅ የእንጨት ቤት ነደደ፤ ቧንቧዎቹ ግን ተረፉ። በጦርነትና በፍርሃት መካከል በሺህ የሚቆጠር ቧንቧ እየነቀሉ ማውረድ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ሳስብ ልቤ ይነካል። በዚያች ከተማ ያን ጊዜ ድሃና ችግረኛ አልጠፋም ነበርና፣ ድሃን መርዳትና ቅርስን መጠበቅ እንደ ጠላት መቆማቸው አይታየኝም።

ከጦርነቱ በኋላ የተደረጉት ጥገናዎች የመሣሪያውን የቀድሞ ጠባይ ሙሉ በሙሉ አልመለሱም። የኦርጋን ሠሪው ዩርገን አሬንድ ግን በ1993 ያጠናቀቀው ሥራ የሽኒትገርን አሠራር የተከተለ ነው፤ በ1917 የቀለጡትን የፊት ቧንቧዎችም እንደገና ሠራቸው። ዛሬ ከፊት የሚያበሩት እነዚህ አዲሶቹ ናቸው፤ ከበስተኋላቸው ግን ሽኒትገር ራሱ ከነባሩ ኦርጋን ያተረፋቸው ቧንቧዎች እስካሁን ያዜማሉ።