ፎርማት ይደረግ!

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሰው ላፕቶፕ ጌም ሲያጫውት መንቀርፈፍ ከጀመረ ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አያድርም። አቦል ሳይቀዳ ወሬው ይዛመታል፤ በረካ ላይ ሲደረስ ደግሞ ምርመራው ተጠናቆ ብያኔ ተሰጥቷል። ብያኔው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ!» ማለትም ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበት።

ፎርማት የሚያዘው ሰው ላፕቶፑን አላየውም። ኮምፒውተር ያውቅ እንደሆነም አይጠየቅም፤ አይቲ የተማረ አንድ የሩቅ ዘመድ ያለው መሆኑ በቂ ማስረጃ ነው። «ጌሙ የሚንቀረፈፈው እንደተከፈተ ነው ወይስ ቆይቶ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም፤ መጠየቅ አዋቂነትን የሚያሳንስ ይመስል።

የእህቴ ልጅ የእግር ኳስ ጌም የሚጫወተው አልጋው ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ላፕቶፑን በታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጦ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያማሩ ናቸው፤ አጥቂው ይሮጣል፣ መረቡም ይርገበገባል። ከዚያ ፋኑ ማፏጨት ይጀምራል፣ ከኪቦርዱ በላይ ያለው ቦታ እጅ ያቃጥላል፣ አጥቂውም በረኛው ፊት ደርሶ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆሞ ያስባል። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም አንዱን ምስል ሠርቶ ለመጨረስ 17 ሚሊሰከንድ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው ያለው፤ የእኛ አጥቂ ግን እግሩን መልሶ እስኪያሳርፍ ድረስ በረኛው ሻይ ጠጥቶ በተመለሰ ነበር።

ጥሩ ጀምሮ ቆይቶ መድከሙ ራሱ ምስክር ነበር። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተሩ አንጎል ማለት ናቸው) ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ ጉዳት እንዳይደርስባቸው ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ላፕቶፕ ቀዝቃዛ አየር የሚስበው በአብዛኛው ከሆዱ በኩል ሲሆን የዚህኛው ሆድ በጋቢ ታፍኗል፤ ሞቃቱ አየር የሚወጣበት መንገድም በዓመታት አቧራ ተደፍኗል። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፣ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙም ያንኑ ያህል ያንሳል። (የአዲስ አበባ ብርድ ይህን ያካክሳል የሚል ካለ፣ ጋቢው አልጋው ላይ የተገኘው በዚያው ብርድ ምክንያት መሆኑን ያስታውስ።)

ፎርማት አቧራ አይጠርግም። የሚጠርገው የታላቅ እህቱን የመመረቂያ ጽሑፍና የአያቱን የልደት ፎቶዎች ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን ፎርማቱ የሚሠራ መምሰሉ ነው። ላፕቶፑ ጥገና ቤት ቀዝቅዞ ያድራል፤ በማግስቱ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ሆዱ አየር እያገኘ፣ ለጥቂት ደቂቃ ሲሞከር ይበርራል፤ ባለሙያው «ይኸውላችሁ!» ይላል፣ ሒሳቡም ይከፈላል። ቤት ሲገባ ጋቢው ተነጥፎ ይጠብቀዋል። ማታ አጥቂው እንደገና አንድ እግሩን አንሥቶ ሲቆም ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ቫይረሱ ተመልሶ ገብቷል» ብሎ ይደመድማል።

ሌሎቹም መካሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የልጁ አጎት «ሰክተህ ስትጫወት ባትሪውን ትገድለዋለህ፤ ንቀለው!» አሉ። ልጁ ታላቅ አክባሪ ነውና ነቀለ። ባትሪ ብቻውን ለፕሮሰሰሩና ምስሉን ለሚሥለው ግራፊክስ ካርድ የሚበቃ ኃይል ስለማያቀርብ፣ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ከቻርጀሩ ሲለይ አቅሙን ይቀንሳል፤ ጌሙም ከታላቅ አክብሮት ጋር የባሰውን ተንቀረፈፈ። ጎረቤታችን «ኔቱ ነው፤ ዋይፋዩን አሳድጉት» አሉ፤ ልጁ የሚጫወተው ግን ያለ ኢንተርኔት፣ ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻውን ነበር። «ራም (ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ማስታወሻ) ጨምሩበት» ያለው ሰው ሳያስበው ወደ እውነት ተጠግቶ ነበር፤ አንድ ራም ብቻ በተሰካበት ላፕቶፕ ላይ ተመሳሳዩን ሁለተኛ መሰካት ብዙ ጊዜ ጌም ያፈጥናልና። ይሁን እንጂ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ የኮምፒውተሩን ውሎ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር በመክፈት ራሙ ሞልቶ እንደሆነ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

የአባት ክብርም አለ። «ኮር አይ 7 እኮ ነው የገዛሁልህ!» ይላል አባት፣ ቁጥሩ ብቻውን ኳስ የሚያገባ ይመስል። እ.ኤ.አ. በ2016 ለቀጫጭን ላፕቶፖች ከወጡት ኮር አይ 7 ፕሮሰሰሮች መካከል ሁለት ኮር (ስሌቱን የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ብቻ ያላቸው እንደነበሩ፣ በ2022 ደግሞ ስድስት ኮር ያለው ኮር አይ 3 እንደወጣ ለዚህ አባት መንገር የቤተሰብ ሰላም ማደፍረስ ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ግራፊክስ ካርድም ቢሆን ዊንዶውስ ጌሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ለተሠራው ደካማ ግራፊክስ ሰጥቶበት ያለ ሥራ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል፤ በከፍተኛ ደመወዝ የተቀጠረው አማካሪ ጋዜጣ ሲያነብ ጉዳዩን ሁሉ ተላላኪው ተሯሩጦ እንደሚጨርስበት መሥሪያ ቤት ማለት ነው። የሴቲንግ ገጹን ከፍቶ፣ በዲስፕሌይ ሥር ግራፊክስ የሚለው ውስጥ ገብቶ ጌሙን ወደ ካርዱ ማዛወር ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ያለ ክፍያ የሚሠራ መፍትሔ ስለሆነ ማንም አያምነውም።

ለመፍትሔው ትልቁ እንቅፋት ግን ኩራት ነው። የስክሪኑን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ ካርዱ የሚሥላቸውን ነጥቦች ከሁለት ሚሊዮን በላይ ከነበሩበት ወደ 921,600 ያወርዳቸዋል። የእህቴ ልጅ ግን ጓደኞቹ ፊት «ሎው» ላይ ከሚጫወት ይልቅ፣ እያንዳንዷ የሣር ቅጠል ተለይታ በምትታይበትና ማንም በማይንቀሳቀስበት ሜዳ ላይ አምስት ለዜሮ ቢሸነፍ ይመርጣል። እንግዳ ሲመጣ የሚወጣውን ሲኒ ከሚያውቅ ቤት የወጣ ልጅ ነውና አልፈርድበትም።

በመጨረሻ ኤሌክትሮኒክስ የምትማር የጎረቤት ልጅ፣ ምክር ሳትሰጥ፣ የላፕቶፑን ሆድ ፈትታ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረገች፣ የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት ቀየረች፣ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ከኋላው ሥር ወፍራም መጽሐፍ ሸጎጠችበት። አጥቂው እግሩን አነሳ፣ አሳረፈ፣ አገባ። ሳምንት ሳይሞላ የልጁ አጎት ላፕቶፑ ለተንቀረፈፈበት ለሌላ ጎረቤት የጥገና ቤቱን አድራሻ ሲጽፉለት እንዲህ አሉት፦ «ፎርማት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ እኛን ወር ሊሞላው ሲል ነው ያሻለን።»