ዳግም የተሠራው የማርሊን ጠመንጃ በስሙ ሳይሆን በአሠራሩ ይመዘን

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 መጨረሻ፣ ስተርም ሩገር የተባለው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ አምራች ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከኪሳራ ሽያጭ የገዛውን የማርሊንን ስም የያዘ የመጀመሪያውን ጠመንጃ ለገበያ አቀረበ። ሞዴል 1895 ኤስቢኤል የተባለው ይህ ጠመንጃ «ሊቨር አክሽን» ከሚባለው ወገን ነው፤ ተኳሹ ከምላጩ ዙሪያ ያለውን ቀለበት መሳይ እጀታ ወደ ታችና ወደ ፊት ገፍቶ ሲመልሰው ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ አዲስ ጥይትም ይጎርሳል። ጠመንጃው ከወጣ ጀምሮ በወዳጆቹ መካከል የሚነሳው ጥያቄ «የድሮው ማርሊን በእርግጥ ተመልሷል ወይ?» የሚል ነው። እኔ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ይህ ጠመንጃ ጥሩ ሊሆን የቻለው አምራቹ የድሮውን አሠራር እንዳለ ለመቀጠል ስላልሞከረ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። ጆን ማርሊን በ1870 በኮነቲከት ግዛት በኒው ሄቨን የመሠረተው ድርጅት ስሙን የተከለው፣ ላዩ ድፍን በሆነና ቀለሁን ወደ ጎን በሚያስወጣ ጠንካራ ንድፍ ነበር። ድርጅቱ በ2008 ሬሚንግተን በተባለ ሌላ የአሜሪካ ጠመንጃ አምራች እጅ ገባ፤ በ2011 የኮነቲከቱ ፋብሪካ ተዘግቶ ሥራው በኒው ዮርክ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ኢሊየን ተዛወረ። ከዚያ በኋላ የወጡት ጠመንጃዎች በእንጨቱና በብረቱ መካከል ክፍተት የሚታይባቸው፣ የፊት ማነጣጠሪያቸው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ እጀታቸውም ሲገፋ የሚንገጫገጭ ነበሩና ገዢዎች በምሬት «ሬምሊን» የሚል ስም አወጡላቸው። በዘርፉ በሰፊው እንደተነገረው፣ ማሽኖቹ በዕድሜ ያረጁ ነበሩ፤ የንድፍ ወረቀቶቹም በተግባር ከሚሠራው ዕቃ ጋር አይገጥሙም ነበር። ልዩነቱን ያጠብቡ የነበሩት የትኛውን ክፍል በሞረድ ምን ያህል መንካት እንዳለባቸው በልምድ የሚያውቁ አሮጌ ሠራተኞች ነበሩ። ማሽኑ በመኪና ተጭኖ ሄደ፤ የእጁ ዕውቀት ግን ኮነቲከት ቀረ። ለፍትሕ ሲባል፣ ሬሚንግተን ኋላ ላይ አዳዲስ ማሽኖችን አስገብቶ ሥራውን ማሻሻሉ መነገር አለበት፤ ነገር ግን ስሙ አንዴ ጎድፎ ነበር፣ ድርጅቱም በ2020 እንደገና ከሰረ።

ሩገር ወደ 28 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ማርሊንን ሲረከብ የተከተለውን መንገድ አደንቃለሁ። ዕቃውን በሰሜን ካሮላይና ሜዮዳን ወደሚገኘው ፋብሪካው ካጓጓዘ በኋላ፣ ገበያው እየጠበቀው ከአንድ ዓመት በላይ አንድም ጠመንጃ ሳይሸጥ ቆየ። ዋና ዋና ክፍሎቹን ከተቀጠቀጠ የማይዝግ ብረት በኮምፒውተር በሚመሩ ማሽኖች መቅረጽ፣ በርሜሉንም በቀዝቃዛው በመዶሻ ማሽን ቀጥቅጦ ማውጣት ጀመረ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር የሚገጥመው በባለሙያ ሞረድ ሳይሆን በንድፉ ልክነት ነው። ናፍቆት የሚያጠቃቸው ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ ለእኔ ግን የጠመንጃው ትልቁ ብርታት ይኸው ነው።

ጠመንጃውን በእጅ ይዞ መመርመር የሚጀመረው፣ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሰደፉ ከብረቱ ጋር ከሚገናኝበት መስመር ነው። ጥፍርን በመስመሩ ላይ ማስኬድ በቂ ነው፤ እንጨቱ ከብረቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያለበት ቦታ ወዲያው ይይዛል። በአዲሱ 1895 ላይ ጥፍሬ ከላይ እስከ ታች ሳይያዝ ነው የወረደው። ቀጥሎ የጎን ማጉረሻው በር ጠርዝ ይዳሰሳል፤ በደንብ ያልተሞረደ ጠርዝ አውራ ጣትን ይቆርጣል፣ ይኼኛው ግን ለስልሷል።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ከውጭ የማይታየው ነው። እጀታው ሲንቀሳቀስ ጫፉ ጥይት አንሺውን ክፍል እየነካ ያልፋል፤ ይህ ጫፍ ስለታም ከሆነ፣ ለዓመታት ሲፍቀው ጥይት አንሺው ይቦረቦርና የሚነሳበት ከፍታ በጥቂቱ ይለወጣል። ያን ጊዜ በበርሜሉ ሥር ካለው ቱቦ ካዝና ሁለተኛ ጥይት ከሥሩ ሾልኮ ይገባና ጠመንጃው ቀጥ ይላል። ይህ በኮነቲከት ዘመን የተሠሩትን፣ የ«ጄኤም» ማኅተም ያላቸውን ማርሊኖች ጭምር የሚያገኝ የታወቀ ሕመም ነው። ስለዚህ የድሮው ሁሉ እንከን የለሽ ነበር የሚለው ወግ ከእውነቱ ጋር አይሄድም። በአዲሱ ላይ እጀታው በዝግታም በፍጥነትም ሲገፋ የሚሰማው አንድ ወጥ የሆነ መንሸራተት ነው፤ መዝጊያው ሲቆለፍም ጠንከር ያለች አንዲት ድምፅ ብቻ ትሰጣለች።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ሲወጣ የተተመነለት 1,399 ዶላር ለሥራ ጠመንጃ ከባድ ነው። መዶሻው ራሱ ለደኅንነት በግማሽ ተወጥሮ የሚቆምበት ደረጃ እያለው በጠመንጃው ጎን የሚገፋ ተጨማሪ የደኅንነት ቁልፍ መኖሩንም ብዙዎች አይወዱትም፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም፣ ጥይት ከጠመንጃው በሚራገፍበት ሰዓት ቁልፉ ጥቅም አለው።

ጠመንጃ የተወለደበትን ከተማ የሚያመልኩ ሰዎች የሌላውን የአሜሪካ ሊቨር አክሽን ጠመንጃ፣ የዊንቸስተር 94ን ታሪክ ቢያስቡት መልካም ነው። የኒው ሄቨኑ ፋብሪካ በ2006 ከተዘጋ በኋላ ያ ጠመንጃ አሁን በጃፓን ሚሮኩ በተባለ አምራች ይሠራል፤ አጨራረሱም ከመጨረሻዎቹ የአሜሪካ ሥራዎች የማያንስ፣ በእኔ ዓይን እንዲያውም የሚበልጥ ነው።

በ2023 ሩገር የዋልነት ሰደፍ ያለውን ሞዴል 336 አስከትሏል። የተፈጥሮ እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀትም ይኮማተራል፤ የ1895 ኤስቢኤል ሰደፍ ግን ከተጣበቁ ስስ እንጨቶች የተሠራ በመሆኑ ይህ ብዙም አይነካውም። በመሆኑም 336ን የሚገዛ ሰው ያንኑ የጥፍር ፍተሻ በግዢው ዕለት አንድ ጊዜ፣ ከአንድ የዝናብና ከአንድ የበጋ ወቅት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ቢያደርገው፣ ሜዮዳን እንጨቱን በምን ያህል ጥንቃቄ አድርቆ እንደገጠመ በራሱ እጅ ያውቀዋል።