ዝዋይ ባዶ መሬት አልነበረም

«ወይኑ ከመተከሉ በፊት እዚያ ምን ነበር? ባዶ ሜዳ!» ሰሞኑን ስለ ዝዋይ የሚያወራ አንድ የጉዞ ማስታወቂያ ላይ የሰማሁት ነው። ደሜ ፈላ።

ከወይኑ ጋር ጠብ የለኝም። የፈረንሳዩ የወይን ጠጅ ኩባንያ ካስቴል በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተከለው ሜርሎና ሲራ የሚባል የወይን ዝርያ በ2006 ዓ.ም. በጠርሙስ ሆኖ ገበያ ወጣ። አሸዋማው አፈር፣ የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ተስማምቶታል። እሱ ይሁን። ግን ባዶ?

ባዶ ከነበረ ቦዩ ለምን ተቆፈረ? የወይን እርሻው ዙሪያውን በቦይ የተከበበው ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ነው። ጉማሬ ደግሞ ሲመሽ ከሐይቁ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ድሮም ያደረገው ይህንኑ ነው። የአገሩን ባለቤት በቦይ አግዶ «ማንም አልነበረም» ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ሰዎቹስ? በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ የኖሩት ዛዮች የት ሄዱ? ከደሴቶቹ አንዷ ቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ገዳም አለች። በዮዲት ዘመን ካህናት ከአክሱም ጽላተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው 70 ዓመት እዚያ እንዳቆዩአት ይተረካል። ትውፊቱን የሚጠራጠር ይጠራጠር። የብራና መጻሕፍቱ ግን እዚያው አሉ፤ ገልጦ ማየት ነው። ዛዮች ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመደውን ቋንቋቸውን በውሃ ተከበው ጠብቀው አቆዩት። የደሴቱን ዳገት በእርከን አረሱት፣ ዓሣ አጠመዱ፣ ልጆቻቸውን በታንኳ አመላለሱ። ስንት ትውልድ ሙሉ! ይህንን ሕዝብ በአንድ ቃል ከካርታ ማጥፋት ነውር ነው። ነውር!

«ወይንን ያስተዋወቁን ፈረንጆች ናቸው» የሚል ነገርም እዚያው ማስታወቂያ ላይ ጣል ተደርጓል። ሴት ልጁን ሐረገወይን ብሎ ስም ያወጣ አገር ወይንን ከማን ይማራል? በየቅዳሴው ዘቢብ እየተጨመቀ የሚቆርብ ሕዝብ እኮ ነው።

ጎብኚ የምታመጡ ሰዎች፣ መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ዳር ውሰዱት። ማለዳ ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየገፈፈ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገቡ ተኮልኩለው የዓሣው የሆድ ዕቃ እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። ፔሊካኖቹ ከውሃው ላይ እየተንሳፈፉ ይጠጋሉ። ከዚያ በጀልባ ወደ ደብረ ጽዮን። ጠርሙሱ ማታ ይደርሳል።